አፍ ሁኝልኝ ያሉኝ አያቴ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ዶርም አብራኝ ለኖረች ጓደኛዬ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ጾም በገባ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ተንበርክኬ ዋሸሁ፣ ሰው አማሁ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ቀመስሁ እላለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ። አንዷን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እንደ ገለባ ከላይ የምበትነው እሷን ለመሸፈን እንደሆነ አውቃለሁ።

እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም። የደፈርሁትም ለዚህ ነው። ወዲያ ወዲህ እያልሁ እንዳላመልጥ ሥራዬን አስቀድሜ ልናገር፦ አያቴ አፍ ሁኝልኝ ብለውኝ ነበር። እኔ እሺ አልሁ። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። አባባ ነበር የምላቸው። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ዘመድ ሁሉ ስለ ትዳር ሲያወራ፣ «እኔ ጥጃየን እንኳ ጡት ሳይጥል ከናቱ አልለይም፤ ይችን ነው የምሰጥ?» ብለው ቡሬ አስገብተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሴት አያቴ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ አብረው ቆርበው ነበር። ሴት አያቴ ከሞቱ ወዲያ አባባ ሥጋ ወደሙን በተቀበሉ ቁጥር ከሚስታቸው ጋር አንድ ማዕድ የቀረቡ ይመስላቸው ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያጡት ይህን ነውና።

እኔ ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ተመደብሁ። በየስብሰባው ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት የሚወራበት ዘመን ነበር፤ ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን ሪፖርት ማጠቃለል ነው። ወረቀት ሲሆን እሠራለሁ። ሰው ፊት ቁሚና ተናገሪ ሲሉኝ ግን ወረቀቱን ለአጠገቤ ሰው አቀብላለሁ። ዓይን አፋር ናት ይሉኛል። ደስ የሚል ስም ነው፣ አይደል? ብዙ ነገር ይሸፍናል።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ፋታ ባጣበት ሰሞን፣ አባባ ሳይነግሩኝ መጡ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በብብታቸው በገመድ የታሰረ አሮጌ የበሬ ቁርበት ሸጉጠው ነበር።

«ቁርበቱን ምን አመጣው አባባ? አልጋ አለኝ እኮ!»

«አልጋ አይስማማኝም ልጄ። ጎኔን ያመኛል።»

«በእኔ ቤት መሬት ሊተኙ? ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይለኛል። ያን ቀን እንደ ፍቅር ነው ያልሁት። ቁርበቱን ከእጃቸው ተቀብዬ ከበሩ ኋላ አቆምሁት። እናቴ የሰጠችኝን ነጭ አንሶላ አነጠፍሁላቸውና እኔ ከታች ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ አልጋው ተነጥፏል። በዕድሜያቸው አልጋ አንጥፈው የማያውቁ ሰው ብርድ ልብሱን እስከ ትራሱ ስበው፣ በእጃቸው ደልድለውት፣ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ጠጋ ብዬ ብርድ ልብሱን ነካሁ። ርጥብ ነበር። ሽታው ደረሰኝ።

ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ቁርበቱ ለዚህ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከጀመራቸው ሰንብቷል። ቀን ሲሸኑ ይጠባል፣ ይቆራረጣል፤ ሌሊት ደግሞ ሳያውቁት ይፈሳል። አገር ቤት መደቡ ላይ አመድ በትነው ቁርበቱን ያነጥፉበታል፤ ንጋት ላይ ከብቱ ሳይፈታ ወንዝ ወርደው ያጥቡታል። ማኅበር ሲጠሩ አመመኝ ይላሉ፤ ጠላ በቀመሱ ማግስት የሚብስባቸው ይመስላቸዋል። ይህ ሁሉ ግን አልነበረም የከበዳቸው።

«ቤተ ክርስቲያን መግባት ትቻለሁ» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ገላ ይዤ ከመቅደስ አልቆምም። ከቅጽሩ ውጭ ወይራው ሥር ሆኜ ነው የማስቀድስ።»

«ቄሱን ጠየቋቸው አባባ? ሕመም እኮ ነው፤ ኃጢአት አይደለም።»

«ምን ብየ ልጠይቅ? ሽማግሌው እንደ ሕፃን ይሸናል ብየ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ፍልሰታ ሳይገባ አሳክሚኝ። ፍልሰታን መቁረብ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ግን አፌ እሺ አይለኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንች ተምረሻል። አፍ ሁኝልኝ።»

«እሺ አባባ» አልሁ።

እሺ አልሁ። ማንም አላስገደደኝም። በዚያ ቤት ከእኛ በቀር ሰው ስላልነበረ ቃሉ ቀላል ነበር።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያገኘሁት ለዓርብ ነው። እስከዚያ በየቀኑ አንሶላ አጠብሁ። የሐምሌ አንሶላ አይደርቅም። የግቢው ማስጫ ገመድ ደግሞ የሁላችንም ነው፤ አከራያችን እትየ ጥሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በእሱ ላይ የተሰጣውን ሁሉ ያውቃሉ።

«አንች ልጅ!» አሉኝ አንድ ቀን፣ ተከራይ ሁሉ እየሰማ። «በዚህ ዝናብ በየማለዳው አንሶላ? ሙሽራ ደብቀሽብናል መሰል!»

«ይተዉአት እትየ» አለች የጎረቤቴ ተከራይ እየሳቀች፣ «የምን ሙሽራ! ለሰው ሰላም ለማለት እንኳ የምታፍር ልጅ።»

«ኧረ እንዲህ ያለችዋ ናት!» አሉ እትየ ጥሩ፤ ግቢው ሳቀ።

«ትኋን ነው» አልሁ። ፊቴ ተቃጠለ። «ትኋን ገብቶብኝ ነው።»

አባባ ውስጥ ነበሩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሳቁን ሰምተዋል፣ ትኋኑንም ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላውን ቤት ውስጥ በከሰል ምድጃ ዙሪያ በወንበር ላይ ዘረጋሁ። ቤቱ በእንፋሎትና በዚያ ሽታ ታፈነ። መስኮቱን እንዳልከፍት ሽታው ወጥቶ ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ቀሚሴን አሸት ነበር። ከእኔ ጋር ወጥቶ እንደሆነስ? ሰው አፍንጫውን የነካ እንደሆነ ተነሥቼ እወጣ ነበር። አያቴ ስለ ነፍሳቸው ይፈራሉ፤ እኔ ስለ ቀሚሴ።

ዓርብ በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ከኋላችን የመሥሪያ ቤቴ ልጅ አንዷለም ጉንፋን ይዞት ተቀምጦ አገኘሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ቀልደኛ ነው እንጂ። አንዲት ጸሐፊ አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ብትወድቅ ክረምቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት አወዳደቋን ሲያሳየን ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

«እንዴት ዋሉ አባባ!» አላቸው ብድግ ብሎ። «የእኛን ዝምተኛ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት? ምነው ታዲያ ጥቂት ወሬ ቢያስተምሯት!»

አባባ ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። «የሷ ወሬ ለቁም ነገር ተቀምጦ ነው፣ ልጄ» አሉት።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ ከዚያ ወዲህ! ውሃ ስቀዳ እሰማዋለሁ። ሰው በስሜ ሲጠራኝ እሰማዋለሁ።

ተራችን ደረሰ። የክፍሉ በር መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ቀጣዩ ወረፋተኛ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጣል። ቀጣዩ አንዷለም ነው። የመጋረጃው ጫፍ አጭር ስለነበር ጫማውን አየዋለሁ። የሚመረምረው ወጣት ነበር፤ በዕድሜ እኔን የሚያክል።

«ምን ሆኑ አባት?»

«ወገቤን» አሉ አባባ።

«ሽንት እንዴት ነው? ያቃጥልዎታል?»

«አያቃጥለኝም።»

«ሌሊትስ? ሳያውቁት ያመልጥዎታል?»

አባባ ወደ እኔ አዩ።

እንዴት እንዳዩኝ ልንገራችሁ። አልለመኑኝም። አላፈሩምም። ተራው የሌላ ሰው ሲሆን እንደሚታየው ነው ያዩኝ፤ እሷ ትናገራለች ብሎ እንዳረፈ ሰው። እኔ የአንዷለምን ጫማ አየሁ። ሳል ሰማሁ። የሰኞ ምሳ ታየኝ፤ «ለካ ዝምታዋ…» ሲል ታየኝ፤ ሳቁ ታየኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የምትጠበቅብኝ። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ክብደቷ ይሰማኝ ነበር። ዓይኔን ወደ ጫማዬ ጭቃ ጣልሁ።

ጠበቁኝ። አሁንም ጠበቁኝ።

«የለም» አሉ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «እንዲያስ የለብኝም።»

«ጎበዝ ነዎት!» አለ መርማሪው፤ የወገብ ኪኒን አዘዘ። ምን ያድርግ? የተነገረውን አከመ።

ስንወጣ አንዷለም፣ «ምን አሉዎት አባባ?» አለ።

«ወገብ ነው» አሉት አባባ። «እርጅና ነው።» ለእኔ ብለው ዋሹ። በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ፍርሃት የእግዚአብሔር ብቻ የነበረ ሰው በእኔ ምክንያት ሁለት ጊዜ ዋሹ።

በመንገድ ላይ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ኖሮ ተመልሼ እገባ ነበር? እንጃ። ይህን ጥያቄ የማነሣው ጥፋቱን አካፍላቸው ዘንድ መሆኑን ስለማውቅ እተወዋለሁ። መመለስ እችል ነበር። ሰኞ ብቻዬን ሄጄ መናገር እችል ነበር። በወረቀት ጽፌ ማቀበል እችል ነበር፤ ወረቀት አያስፈራኝም ብያችሁ የለም? አላደረግሁም።

ያደረግሁት ሌላ ነው። ከገበያ ላስቲክ ገዝቼ ከአንሶላው ሥር አነጠፍሁ። ሲገላበጡ እየተንኮሻኮሸ ይናገርባቸዋል። ከዚያም ከቀትር በኋላ ውሃ ከለከልኋቸው። ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር፤ ያልጠጣ ምን ይሸናል?

«ጉሮሮየ ደረቀ ልጄ፣ አንድ ጉንጭ…»

«አይሆንም አባባ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ለእሳቸው ብዬ! ለማስጫው ገመድ ብዬ ነበር። ለእትየ ጥሩ ዓይን ብዬ ነበር። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ፤ አንሶላው ግን እንደ ድሮው ይርሳል። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም። የገባኝ ከረፈደ በኋላ ነው፦ ከሽንት ፊኛ የሚወጣው መንገድ ጠቦ ስለነበር ሽንቱ ሁልጊዜ ሞልቶ ይኖራል፤ ሌሊት የሚፈሰው የሞላ እንስራ ትራፊ ነው። መታከም የነበረበት መንገዱ ነበር እንጂ መጠማት አልነበረባቸውም።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ «ተሽሎኛል፣ ልሂድ» አሉኝ። እንዳልተሻላቸው የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንሶላውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ግን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ቁርበታቸውን በብብታቸው እንደያዙ መረቁኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የተሰማኝን ልናገር? እፎይታ ነበር።

በጾሙ መካከል እናቴ ቡሬ ወጥታ ደወለች። «አባባ ምን እንደነካቸው አናውቅም» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ሲቆርብ እሳቸው ወይራው ሥር ዝናብ ይወርድባቸዋል። ይግቡ ሲሏቸው እግዜር ያውቃል ይላሉ። አንች ዘንድ ሳሉ የነገሩሽ ነገር አለ?»

«የለም» አልሁ።

የለም። የእሳቸውን ቃል ነው የደገምሁት። ለእናቴ ያን ቀን ብነግራት ለቄሱ ትነግር ነበር፤ ቄሱም ግባ ልጄ፣ ሕመም ነው ይሏቸው ነበር። ወይራው ሥር ያቆምኋቸው እኔ ነኝ።

ከመስቀል በኋላ እግራቸው አበጠ። ያስመልሳቸው፣ ስቅታ ይይዛቸው ጀመር። አባቴ ባሕር ዳር አደረሳቸው፤ እኔም ሄድሁ። የሽንት ቱቦ አስገቡላቸው። ከረጢቱ ሞላ፤ ሌላ ቀየሩ፤ እሱም ሞላ። ለካ ያን ሁሉ ይዘው ሳለ ነበር ውሃ የምከለክላቸው። ሐኪሙ ወጥቶ ኩላሊታቸው መጎዳቱን ነገረን። «ሌሊት የሚያመልጣቸው አልነበረም? በሽማግሌ ላይ ይህ ሲጀምር ቶሎ መታየት አለበት» አለ።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ አባቴ። «ደኅና ነበር። እንዲያውም ልጄ በክረምት አሳክማው ነበር።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። እዚያ አንዷለም አልነበረም። እትየ ጥሩ አልነበሩም። በመጀመሪያው ቀን አፌን የዘጋው ሰው ምን ይለኛል ነበር፤ በሁለተኛው ቀን የዘጋው የመጀመሪያው ቀን ነው። አንዴ የተዘጋ አፍ በራሱ መዝጊያ ይሠራል።

ቄስ እናምጣና ይቁረቡ ቢባሉ፣ «ቱቦ ይዤ አልቀበልም» አሉ። ንግግራቸው መዘባረቅ ከመጀመሩ በፊት ያሉት የመጨረሻ የጤና ቃል ይህ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰውም አይለዩም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እጄን ይዘው ትክ ብለው አዩኝ።

«አንሶላሽ ደረቀልሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። ደርቋል።»

«እሰይ» አሉ። ሌላ አልተናገሩኝም። በሳምንቱ ቀበርናቸው፤ ሳይቆርቡ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። «የተማረ ልጅ እንዲህ ነው፤ አልጋዋን ለቃ፣ ሐኪም ቤት ወስዳ…» ይላሉ። አሮጊቶች እጄን ይዘው፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አሉኝ። አሜን አልሁ። ያን ምርቃት ሁሉ አሜን እያልሁ ተቀበልሁ። ከዝምታዬ ይልቅ ያ አሜን የሚያስፈራኝ ጊዜ አለ፤ ያልሠራሁበትን ዕድሜ እየበላሁ ይመስለኛል።

ዝምታ ጨዋነት ነው ተብዬ አድጌያለሁ፤ ይህን እንደ ምክንያት ላቀርብ አስቤ ነበር። አላቀርብም። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የሷ ወሬ ለቁም ነገር ተቀምጦ ነው ብለው ነበር። ልጅ ነበርሁም አልልም። አፍሬ ነው አልልም። አፍረው የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አንዲት ምሳ ነው የፈራሁት።

ይህን አሁን ለምን እንደምጽፍም ልናገር። ትናንት አባቴ ሳይነግረኝ ከገጠር መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል። ደጃፉ ላይ ቆሞ በብብቱ የያዘውን አየሁ። የአባባ ቁርበት ነው። ከቀብሩ በኋላ ማስታወሻ ብሎ የወሰደው።

«አልጋ አለኝ እኮ አባየ» አልሁት።

«አልጋ አይስማማኝም» አለኝ። «ጎኔን ያመኛል።»

አልተከራከርሁም። ቁርበቱን ተቀብዬ በእጄ አነጠፍሁለት፤ ውሃም አጠገቡ አኖርሁ። ነገ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። አባቴ የለም እንደሚል አውቃለሁ፤ የማን ልጅ ነው? ወደ እኔም እንደሚያይ አውቃለሁ። በሩ መጋረጃ ይሁን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ማን ይቀመጥ፣ አላውቅም። አፌን አላምነውም። ሐኪም ፊት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ወይራው ሥር እንደቆመ ቀርቷል፤ ነገ ብናገርም እሱን ከዚያ አያስገባውም። ብቻ ያችን ዓረፍተ ነገር ከነገ በፊት አንድ ጊዜ ልበላት፤ አፌ ይልመዳት። ከኋላዬ ማን ተቀምጦ እንደሚሰማኝ ሳልመለከት፦

አያቴ ሌሊት ሽንት ያመልጣቸው ነበር። እኔ አውቅ ነበር።